እማዬ፣ «ታዲያ ምን ቀራት?» ላልሽኝ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራም ደህና ነው፤ አሁን የያዝነው ትርዒት ገና ብዙ ይቆያል ተብለናል፣ ስለዚህ ስለ እኔ አታስቢ።

በስልክ የጠየቅሽኝን በስልክ መመለስ አልሆነልኝም። መስመሩ ይቆራረጣል፣ አንቺም ወሬው ሳይጋመስ «በይ ሂሳብ ይቆጥርብሻል፣ ዝጊው» ትያለሽ። «ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» የሚባለውን ፊልም ከልጆቹ ጋር እንደገና አይታችሁ፣ ስለ ዋናዋ ተዋናይት ስለ ጁሊ አንድሩስ «ይቺ ልጅ አሁንም ትዘፍናለች?» አልሽኝ። በቀዶ ሕክምና ድምፅዋን አጣች ስልሽ ደግሞ «ውይ በሞትኩት! ታዲያ ምን ቀራት?» አልሽና ዝም አልሽ። መልሱ ይኸውልሽ። ረዘም ስለሚል መነጽርሽን አድርጊ። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም የምጽፍልሽ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ መቀነሱ ላንቺ አያቅትሽም።

አንቺ ጁሊ አንድሩስን የምታውቂያት በፊልም ነው። ዓለምም እንደዚያው። እኔ ግን እንጀራዬ ተዋናዮችን ማልበስ ስለሆነ የምትገባኝ በጓሮ በር በኩል ነው። ያ ፊልም በ1965 ሲወጣ 29 ዓመቷ ነበር። መድረክ ላይ መሥራት የጀመረችው ግን በ12 ዓመቷ ነው። እዚያ ተራራ ላይ እጇን ዘርግታ ስትሽከረከር የምታያት ልጅ ያንን አተነፋፈስ፣ ያንን አቋቋም፣ ያንን ቃል አጥርቶ መናገር የተማረችው ትኬት ቆርጦ የገባ ሰው ፊት ነው፤ ያውም ሲሳሳቱ «እንደገና» በማይባልበት ቦታ። (በነገራችን ላይ ያቺን የተራራ ትዕይንት ከሄሊኮፕተር ላይ ሲቀርጹ፣ ሄሊኮፕተሩ ባለፈ ቁጥር ነፋሱ ሣሩ ላይ ይዘርራት ነበር። እየተነሣች፣ ሣሩን እያራገፈች እንደገና። ለልጆቹ ንገሪያቸው፣ ይስቃሉ።)

የተወለደችው በ1935 ከሎንዶን ወጣ ብላ በምትገኝ ዋልተን ኦን ቴምዝ በምትባል ከተማ ነው። እናቷ ፒያኖ ተጫዋች ነበረች። ወላጆቿ ተለያዩና እናቷ ቴድ አንድሩስ የሚባል ዘፋኝ አገባች፤ ልጅቷም የእንጀራ አባቷን ስም ወረሰች። በጦርነቱ ጊዜ፣ ሎንዶን በቦምብ ስትደበደብ፣ ድምፅ ማስተማር የጀመራት እሱ ነው። የጉሮሮ ሐኪም ቢያያት ማንቁርቷ የትልቅ ሰው ያህል ሆኖ አገኘው። ከዚያ ሊሊያን ስታይልስ አለን የምትባል የታወቀች ሶፕራኖ (ከፍ ያለ ድምፅ ያላት ዘፋኝ) ወሰደችና አሠለጠነቻት።

በ1947 ጥቅምት ሎንዶን ሂፖድሮም በሚባለው ቴአትር ቤት ወጥታ ከኦፔራ የተወሰደ፣ ትልልቆቹ እንኳ የሚፈሩትን ዘፈን ዘፈነች። የዘፈኑ ከፍተኛ ድምፅ ላይ ሲደረስ የድምፅ አውታሮቻችን በሰከንድ ከ1,000 ጊዜ በላይ ነው የሚርገበገቡት። ያንን አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ስታደርገው አስቢው። ሕዝቡ በጭብጨባ ትርዒቱን አስቆመው። በዓመቱ ደግሞ ፓላዲየም በሚባለው አዳራሽ በንጉሥ ጆርጅ 6ኛ ፊት ዘፈነች።

እዚህ ላይ ሰው «ተአምረኛ ልጅ» ብሎ ያልፋል። እኔ ግን ደስ አይለኝም። እንጀራ አባቷ ይጠጣ ነበር፣ ኋላ ላይ እናቷም። ልጅቷ በባቡር ከከተማ ከተማ እየዞረች ትዘፍናለች፤ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች የቤቱ ቀንበር እሷ ጫንቃ ላይ ወድቋል። ትምህርቷም በዚያው ተበላ። አንቺ ድምፄን በሰማሽ ቁጥር «ጥሩ ነው፣ ግን መጀመሪያ የቤት ሥራሽን» ትይኝ ነበር። ያኔ በጣም ነበር የምናደደው። አሁን ንዴቱ የለም።

ወደ አሜሪካ የሄደችው «ዘ ቦይ ፍሬንድ» ለሚባል ሙዚቃዊ ቴአትር ነው። ብሮድዌይ በሚባለው የኒው ዮርክ የቴአትር ቤቶች ሰፈር የተከፈተው በ1954 መስከረም 30፣ 19 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀረው። ሁለት ዓመት ፈርሚ ሲሏት ቤተሰቤ ይናፍቀኛል፣ ከአንድ ዓመት በላይ አልፈርምም አለች። እንግዲህ ዕድል የሚሉት እንዲህ ነው። ያ አንድ ዓመት ሊያልቅ ሲል ስልክ ተደወለላት፤ የበርናርድ ሾውን «ፒግማሊየን» የሚባል ተውኔት ወደ ሙዚቃዊ ቴአትር እየለወጡት ስለሆነ መጥታ እንድትፈተን። ሁለት ዓመት ፈርማ ቢሆን ኖሮ ሥራው ለሌላ ሰው ነበር።

«ማይ ፌር ሌዲ» ይባላል። ኤላይዛ የምትባል ድሃ አበባ ሻጭ አለች። አንድ የአነጋገር ምሁር በጥቂት ወራት ውስጥ እንደ ወይዘሮ እንድትናገር አደርጋታለሁ ብሎ ይወራረዳል። ታሪኩን አንቺ በደንብ ነው የምትወጂው፤ ግማሹ ክፍል አስተማሪና ተማሪ ሲጨቃጨቁ ነው።

ልምምዱ ላይ ግን ልጅቷ መንገዱ ጠፋባት። መዝፈኑን ትችላለች፤ ትወናውን ግን ማንም አላስተማራትም። አጠገቧ ያለው ሬክስ ሃሪሰን የታወቀ፣ ቁጡ፣ ትዕግሥት የሌለው ተዋናይ ነው፤ አልወደዳትም፣ አለመውደዱንም አልደበቀም። ሌላው ቀርቶ እንግሊዛዊት ሆና የሎንዶን ድሆችን አነጋገር ስለማታውቀው እሱን የሚያስተምራት አሜሪካዊ ተቀጠረላት! አዘጋጁ ሞስ ሃርት አየ፣ አየና ሌሎቹን ተዋናዮች ለሁለት ቀን አሰናበታቸው። አዳራሹን ዘግቶ ከእሷ ጋር ብቻውን ቀረ። መስመር በመስመር፣ ቃል በቃል፣ «አይደለም፣ እንዲህ አይደለም፣ የትምህርት ቤት ልጅ መሰልሽ» እያለ። ሲያስፈልግ ይቆጣታል፣ ሲያስፈልግ ያባብላታል፣ አንዳንዴ ራሱ ኤላይዛን ሆኖ ይጫወትላታል። በሁለተኛው ቀን ማታ ኤላይዛ ተገኘች። ሃርት ለሚስቱ፣ ይህን ብርታት ይዘው እንግሊዞች ህንድን እንዴት ሊያጧት ቻሉ ብሎ ቀለደ ይባላል።

በእኔ አስተያየት የሕይወቷ ትልቁ ነገር እነዚያ ሁለት ቀናት ናቸው። ያ ንጉሡ ፊት መዝፈኑም፣ በኋላ የመጣው ኦስካርም አይደርስባቸውም። አንድ ሰው ሥራውን አቁሞ እንደምትችይው እስክታሳዪኝ ድረስ ከዚህ አልንቀሳቀስም ሲልሽ! አንቺ ስንቱን ልጅ ከክፍል በኋላ አስቀርተሽ እንዲህ አድርገሻል። ልጆቹ ያኔ እንደ ቅጣት ነበር የሚያዩት።

በ1956 መጋቢት 15 ኒው ዮርክ ላይ ተከፈተ። 2,717 ጊዜ ታየ፤ ለብሮድዌይ ሙዚቃዊ ቴአትር ያኔ ክብረ ወሰን ነበር። እሷ ሁለት ዓመት ያህል እዚያ፣ ከ1958 ጀምሮ ደግሞ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ሎንዶን ድሩሪ ሌን በሚባለው ቴአትር ቤት ተጫወተችው። ሦስት ዓመት ተኩል፣ በሳምንት ስምንት ትርዒት።

«በሳምንት ስምንት» ማለት ምን እንደሆነ ላስረዳሽ፣ ምክንያቱም አዳራሽ የተቀመጠ ሰው አይገባውም። በየምሽቱ አንድ ነው፤ ሁለቱን ቀን ደግሞ ከሰዓትም ማታም። ዕረፍቱ አንድ ቀን ብቻ ነው። አሁን እኔ የማለብሳት ተዋናይት በሁለቱ ትርዒቶች መካከል አፏን አትከፍትም። የምትፈልገውን በወረቀት ትጽፍልኛለች፤ የሞቀ ውሃ እንፋሎት ላይ ጎንበስ ብላ ጉሮሮዋን ታረጥባለች። ማንሾካሾክ እንኳ አትወድም፤ ማንሾካሾክ ዕረፍት ይመስላል እንጂ ጉሮሮን ያደክማል። ከአንዱ ትዕይንት ወደ ሌላው ልብስ የምንቀይረው ከመጋረጃው ጀርባ በጨለማ፣ በትንሽ የእጅ ባትሪ ነው። አንዷ ከኋላ ትፈታለች፣ እኔ ከፊት አለብሳለሁ፣ ሌላዋ ጫማ። አዳራሽ ሆነሽ የምታዪው የቁልፍ ድርድር የውሸት ነው፤ ከሥሩ ያለው ማጣበቂያ ነው፣ ጠቅ፣ ጠቅ ብሎ ያልቃል። ቀሚሱ ከላቧ የተነሣ ይከብዳል። ልቧ ሲመታ በመዳፌ ይሰማኛል። ከዚያ መብራቱ ላይ ስትወጣ እንዳልደከማት ፈገግ ትላለች።

እማዬ፣ ዛሬ እያንዳንዱ ተዋናይ ዊጉ ሥር ትንሽ ማይክ ይለጠፍለታል። በእሷ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፤ ኋላ ወንበር የተቀመጠው ሰው እንዲሰማ ድምፁ ከሆድ መምጣት አለበት። ኤላይዛ ደግሞ ለጉሮሮ ክፉ ገጸ ባሕርይ ናት፤ መጀመሪያ ላይ ትጮኻለች፣ ትሳደባለች፣ ታለቅሳለች፣ ከዚያ በዚያው በተጎዳ ጉሮሮ ጥርት ብላ ወደ ላይ መውጣት አለባት።

«ማይ ፌር ሌዲ»ን ፊልም ያደረጉት ጊዜ ግን እሷን አልወሰዷትም። የስቱዲዮው አለቃ ጃክ ዋርነር ስሟ በሲኒማ አይታወቅም ብሎ ሚናውን ለኦድሪ ሄፕበርን ሰጠ፤ የኦድሪ ዘፈን ደግሞ አብዛኛው የሌላ ዘፋኝ፣ የማርኒ ኒክሰን ድምፅ ነው። ሰው ሁሉ ዋርነርን ይራገማል። እኔ ብዙም አልፈርድበትም፤ ገንዘቡን የሚያፈስ ሰው የሚያውቀውን ፊት ይፈልጋል። ያኔ እሷ «ካሜሎት» የሚባል ሌላ ሙዚቃዊ ቴአትር ላይ ነበረች። ዋልት ዲዝኒ መጥቶ አያትና «ሜሪ ፖፒንስ» የሚባለውን ፊልም እንድትሠራለት ጠየቃት። እርጉዝ ነኝ አለችው። እንጠብቅሻለን አላት። ጠበቃትም! ዛሬም ቢሆን በእኛ ሙያ ላረገዘች ሴት እንዲህ የሚል አለቃ ብርቅ ነው።

በ1965 ሚያዝያ የኦስካር ምሽት «ማይ ፌር ሌዲ» ፊልም 8 ሽልማት ወሰደ። የምርጥ ተዋናይትነቱን ሽልማት ግን የወሰደችው ጁሊ ናት፣ በ«ሜሪ ፖፒንስ»። ከዚያ ቀደም ብሎ በሌላ የሽልማት ምሽት መድረክ ላይ ወጥታ ይህ ሁሉ እንዲሆን ስላደረገ ጃክ ዋርነርን አመሰገነችው፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ስድብ የለ፣ ቁጣ የለ። አንቺ «ጨዋ ሰው ሲናደድ ያመሰግናል» የምትይው ትዝ አለኝ።

ከዚያ ያለውን ልዝለልልሽ፤ ፊልሞች፣ ሁለተኛ ትዳር፣ ለልጆች የጻፈቻቸው መጻሕፍት። ወደ ብሮድዌይ የተመለሰችው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይታ፣ በ1995፣ በ60 ዓመቷ ነው። «ቪክተር ቪክቶሪያ» ይባላል፤ ወንድ መስላ የምትጫወት ሴትን ሆና። በሳምንት ስምንት ጊዜ፣ በ60 ዓመት!

በ1996 ለቶኒ፣ ለብሮድዌይ ትልቁ የቴአትር ሽልማት፣ ስትታጭ ከመላው ትርዒት የታጨችው እሷ ብቻ ነበረች። አንድ ቀን የከሰዓቱ ትርዒት እንዳለቀ እዚያው መድረክ ላይ ቆማ፣ የሥራ ባልደረቦቼ ተዘለዋል፣ እኔም ከተዘለሉት ጋር መቆም እመርጣለሁ ብላ እጩነቱን እንደማትቀበል ተናገረች። ብዙ ጊዜ የማይታይ ነገር ነው። «ለታይታ ነው» ያሏትም አሉ። እኔ ግን ሳስበው የሚታየኝ ከመጋረጃው ጀርባ ያሉት ናቸው፤ አልባሾቹ፣ መብራት ሠራተኞቹ፣ ስማቸው በቀጭን ፊደል የሚታተመው ሁሉ። ያን ቀን ማታ ልብሷን ያለበሰቻት ሴት እጇ እንደተንቀጠቀጠ እርግጠኛ ነኝ።

ከዚያ ድምፁ መሻከር ጀመረ። በ1997 ከትርዒቱ ወጣች፤ በዚያው ዓመት ቀዶ ሕክምና አደረገች። ስትነቃ የሚያወራ ድምፅ አለ፣ የሚዘፍነው ግን የለም። ያ ወደ ላይ የሚወጣው ሁሉ ሄደ። ክስ መሠረተች፤ ነገሩ ኋላ ላይ በስምምነት አለቀ። ገንዘብ ለዚህ ምን ይሠራል? ስለዚህ «በሞትኩት» ማለትሽ አግባብ ነው፤ እሷም በጣም አዝና እንደነበረ አልደበቀችም።

«ምን ቀራት?» ላልሽው ግን ስሚኝ። ልጇ፣ ያቺ ዲዝኒ የጠበቃት ጽንስ፣ ኤማ ትባላለች። እናትና ልጅ አብረው የልጆች መጻሕፍት መጻፍ ጀመሩ። አንድ ቀን እናት መዝፈን ናፈቀኝ ብላ ስታዝን፣ ልጅ ድምፅሽን የምትጠቀሚበት ሌላ መንገድ አግኝተሻል እኮ አለቻት። ይህን ያወራችው ራሷ ጁሊ ናት። ሌላ ሰው ቢሆን ይህ አባባል የማስተዛዘኛ ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። እሷ ግን በ2003 «ዘ ቦይ ፍሬንድ»ን፣ በ18 ዓመቷ አሜሪካ ያመጣትን ያንኑ ትርዒት፣ አዘጋጅ ሆና መድረክ ላይ አወጣችው። በ2016 ደግሞ፣ 80 ዓመት ካለፋት በኋላ፣ ሲድኒ ኦፔራ ሃውስ ሄዳ «ማይ ፌር ሌዲ»ን አዘጋጀች፤ የ60ኛ ዓመቱን በዓል፣ በጥንቱ አልባሳትና በጥንቱ ትዕይንት ንድፍ።

ይህን ሳነብ ያለሁበት የልብስ ክፍል ውስጥ ቆም አልኩ። አዲሲቱን ኤላይዛ ዘፍና ልታሳያት አትችልም። አጠገቧ ተቀምጣ ግን እዚህ ጋ ትንፋሽሽን ያዢ፣ እዚህ ጋ አትቸኩዪ፣ ይህችን ቃል ጣያት ማለት ትችላለች። ሞስ ሃርትም እኮ ዘፋኝ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በ2020 የተጀመረውን «ብሪጅርተን» የተባለውን ተከታታይ ፊልም የምትተርከው እሷ ናት፤ ፊቷ አይታይም፣ ድምፅዋ ብቻ። ልጆቹ ሲያድጉ ያዩታል፤ አሁን ግን እንዳታሳዪያቸው፣ ለእነሱ አይሆንም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፤ ለምን እንደጻፍኩልሽም ሳይገባሽ አልቀረም። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች መዝሙር አስጠኚን ሲሉሽ «ድምፄ ሻክሯል፣ ሌላ ፈልጉ» ብለሽ መልሰሻቸዋል አሉ። ማን እንደነገረኝ አትጠይቂኝ። ልጆቹ የሚፈልጉት ያንን የድሮ ድምፅሽን ከሆነ ልክ ነሽ። ግን አይመስለኝም። ዜማው የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚያርፍ፣ ማን ከማን ጎን ቢቆም እንደሚያምር የምታውቂው አንቺ ነሽ። አንዷን ድምፀ መልካም ልጅ ከፊት አቁሚና አንቺ በጣትሽ ምሪያት። ስትሳሳት ደግሞ ያንን ዓይንሽን አሳዪያት፤ እኔ እስካሁን የምፈራውን።

ሌላው፣ ይህንን ደግሞ በዋዛ አትለፊው፤ ድምፅሽ ከሻከረ ስንት ጊዜው ነው? ጉንፋን ሳይኖር ሦስት ሳምንት ካለፈው የአንገት በላይ ሐኪም ማየት አለበት። ዝንጅብልና ማር ጥሩ ነው፣ ምርመራ ግን አይሆንም። በትንሽ ካሜራ ያዩታል፣ ብዙ አያምም። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ካሉሽ ሳትፈርሚ ደውዪልኝ፤ ሌላ ሐኪምም ይየው። የምጠይቃቸውን ነገር እኔ በወረቀት ጽፌ እልክልሻለሁ፣ አንቺ ማንበብ ብቻ ነው። ለምርመራው የሚሆነውን ገንዘብ በታናሼ በኩል ልኬያለሁ። ለምርመራው ነው የላክሁት፣ ለቤቱ ቀለም አይደለም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ። አንቺ ብዙ አታውሪ፣ እኔ አወራለሁ።

ልጅሽ